የጆንያ ስፌትና የሻምበሉ ጦር ሱሪ

ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት እትዬ ጆንያ ብሎ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷ ግን የምትጠረጥረው ባሏን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጆንያ ስትሰፋ ኖራለች። ሰሊጡ ይነፋል፣ ጆንያው ይሞላል፣ ይመዘናል፣ እሷ ፊት ይመጣል፣ አፉን ትዘጋዋለች። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። "በዕድሜዬ መዝጋት ያቃተኝ አፍ የባሌን ብቻ ነው" ትላለች።

ባልየው ጡረታ የወጣ አስር አለቃ ነው። ሃያ ዓመት ከወታደር ቤት ከርሞ ይዞት የመጣው አንድ የሚያነክስ እግርና ማለቂያ የሌለው ወሬ ነው። እግሩ የተጎዳው ከመኪና ሲወርድ ነው። ወሬው ውስጥ ግን መኪና የለም፣ ተራራ ነው ያለው።

ስለ ጆንያ ስፌት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ልብስ ስፌት አይደለም። ማሽኑ የሚበላው አንድ ክር ብቻ ነው፤ ክሩ ራሱን በራሱ እየቆለፈ እንደ ሰንሰለት ይሄዳል። መጀመሪያው በኩል ይዘህ ብትስበው እስክትሞት አይፈታም። መጨረሻው በኩል ይዘህ ሳብ ካደረግከው ግን ጠጠጠጠጥ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል። እትዬ ጆንያና ሴቶቿ መጨረሻው በኩል ጣት የምታክል ክር ሳይቆርጡ ይተዋሉ። ጅራት ነው የሚሏት። ወደብ ላይ ያሉት ወዛደሮች ጅራቷን ያዝ፣ ሳብ፣ ጆንያው ተከፈተ! የሌሎች መጋዘኖች ጆንያ በቢላ ነው የሚቀደደው፤ ግማሹ ሰሊጥ መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የባህር ማዶ ገዢዎች "ባለ ጅራቱን ስጡን" ማለት ጀመሩ። እሷ ይሄን ስትሰማ ለሳምንት ያህል ከሰው ጋር አልተነጋገረችም፣ ኮራች።

ድሮ በሳምንት አንድ ከባድ መኪና ነበር የሚመጣው። ሹፌሩ እስኪሞላለት ከመኪናው ስር ተኝቶ ያንኮራፋል። ከዚያ ሁለት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ በቀን አሥር ሆነ። መንገዱ አስፋልት ለበሰ። የመስታወት በር ያለው ባንክ ተከፈተና ሰዎች በሩን ሳያዩት በግንባራቸው እየመቱት ለአንድ ወር ያህል መንደሩ ግንባሩ አብጦ ሰነበተ። ቀጥሎ ሽፍታ መጣ። ማር ባለበት ዝንብ አይጠፋም። መኪኖቹ እየተዘረፉ ሲያስቸግሩ መንግሥት ወታደር ላከ። ወታደሩ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካምፕ ተሠራ። ካምፑ ዳቦ ይፈልጋል፣ ዳቦ ቤት ተከፈተ። ጫማ ይፈልጋል፣ ጫማ ሰፊው ሁለተኛ ሚስት አገባ። ሬዲዮውም ሰሊጡን የጫኑትን መርከቦች የሚጠብቁ ሌሎች መርከቦች ተገዙ አለ፤ የተገዙትም በሰሊጡ ገንዘብ ነው አለ።

ይሄ ዜና በተነገረ ቀን ባልና ሚስት እራት ላይ ተጣሉ።

"አየሽ" አለ አስር አለቃ፣ "አገር የሚያድገው በጠመንጃ ነው። ወታደር ባይኖር ሰሊጥሽ ወደብ አይደርስም ነበር።"

"ሰሊጡ ባይኖር ወታደርህ ምን ሊጠብቅ ነው? አቧራ?"

"ጠመንጃ ያለው አገር ይከበራል።"

"ጠመንጃውስ በምን ተገዛ? ባንተ ወሬ? እኔ የዘጋሁት ጆንያ ነው የገዛው። መርከቡንም እኔ ነኝ የገዛሁት።"

"እንግዲያው ነገ መርከብሽን ይዘሽ ገበያ ውጪ" አለና ፊቱን አዞረ።

እሷ ስትከራከር አፏ እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። ልቧ የነበረው ወንበሯ ላይ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት በሳምንቱ መጀመሪያ አንድ ፎቶግራፍ ይዞ መጥቶ ነበር። ሰውየው ጋሼ ኩንታል ይባላል፤ ስሙ የወጣው ሚዛኑ ላይ በቀልድ ወጥቶ ሚዛኑ በቀልድ ስላልወሰደው ነው። ፎቶግራፉ ላይ ያለው አዲስ ማሽን ነው። ራሱ ይሞላል፣ ራሱ ይመዝናል፣ ራሱ ይሰፋል።

"ሰውስ?" አለች እትዬ ጆንያ።

"ሰውማ..." አለና ጋሼ ኩንታል ፎቶውን ኪሱ ከተተ። "ንግድ እያደገ ነው እኮ እትዬ። ባንቺ እጅ እስከ መቼ?"

ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠችበት ወንበር ከስሯ ሲሸሽ ተሰማት። ሌላ ሥራ አታውቅም። የአስር አለቃ ጡረታ ለሲጋራው እንኳን አይበቃም። በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ ማን ይቀጥራታል?

ይሄን ስታብሰለስል ነው የሱሪው ነገር የመጣው።

ሦስት የባህር ማዶ ገዢዎች ሊመጡ ነው። የአምስት ዓመት ውል ይፈርማሉ፣ ግን መንገዱ የሚጠበቅ መሆኑን በዓይናችን ካላየን አንፈርምም ብለዋል። ስለዚህ አዲሱ ጦር፣ አራት መቶ ሰው፣ ፊታቸው ይሰለፋል። ጠመንጃው አዲስ ነው፣ ጫማው አዲስ ነው፣ ሱሪ ግን የለም። የጦሩ ልብስ ፋብሪካ ባገሩ ሁሉ ጦር እየጨመረ ስለሆነ አልደርስም ብሎ ጨርቁን ብቻ ሰደደ። ሸሚዙን እንደ ምንም አዳረሱት። ለሱሪው የካምፑ አዛዥ ሻምበሉ ጋሼ ኩንታልን ጠራው። ጋሼ ኩንታል ደግሞ እሺ የማይልበት ነገር የለም።

"አራት መቶ ሱሪ፣ በአሥር ቀን" አላት። "ከደረሰልኝ የስፌት ክፍል እከፍታለሁ፣ ከነአለቅነቱ ያንቺ ነው። ካልደረሰ ግን..." አለና እጁን ፎቶው ያለበት ኪሱ ላይ አደረገ።

"ይደርሳል" አለች። ሱሪ ሰፍታ አታውቅም።

ስድስት ሴቶች ናቸው። የልብስ መስፊያ አራት ማሽን በውሰት መጣ፣ ሁለቱ አይሠሩም። የሚሠሩት ደግሞ ቀርፋፋ ናቸው፤ ከታች የምትገባዋ ትንሽዬ የክር ጥቅል በየደቂቃው እያለቀች ሰው ታስለቅሳለች። በስድስተኛው ቀን ያለቀው ሱሪ መቶ አሥር ብቻ ነው። የቀሩት ሁለት መቶ ዘጠናዎቹ እግራቸው ተሰፍቶ፣ ቀበቶ ማሰሪያቸው ተሰፍቶ፣ የኋላቸው ስፌት ብቻ ክፍት ሆኖ ተቆልለዋል። እትዬ ጆንያ ክምሩን አየች። ከዚያ ግድግዳው ስር ያሉትን የጆንያ ማሽኖቿን አየች። እነሱ ክር አያልቅባቸውም፣ እንደ ፈረስ ይጋልባሉ።

"ቀጭን መርፌ እንክተትባቸውና የኋላውን በነሱ እንስፋ" አለች።

አጠገቧ የምትሠራው የባሏ እህት ናት፤ ዋርሳዋ። ምላሷ የወንድሟን ያህል ባይረዝምም ይሳላል። "ይሄ ይይዛል?" አለቻት።

"ኩንታል ሰሊጥ የያዘ ክር የወታደር ቂጥ አይዝም?"

"ሰሊጥ አይቀመጥም፣ አይነሳም፣ አይሮጥም እኮ እትዬ።"

"እነሱስ የት ሮጡ? ሲቀመጡ ነው የማያቸው።"

ሴቶቹ ሳቁ፣ ተሰፋ። በሦስት ቀን አለቀ። አንድ ቀን ተረፈ እንኳን! ሻምበሉ መጥቶ አንዱን ሱሪ በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ጎተተው፣ ያዘ። "ጎበዝ" አለ። ጋሼ ኩንታል አጭር አንገቱን ነቀነቀ። እትዬ ጆንያ ቤቷ ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏ ስለ ተራራው ሲያወራ ሳታቋርጥ ሰማችው።

የሰልፉ ጠዋት አስር አለቃ ሄጄ ልይ አለ። ከጨርቁ ትንሽ ተርፎ ስለነበር ለሱም አንድ ሱሪ ሠርታለታለች፤ ይሄን ለጋሼ ኩንታል መንገር አላስፈለገም። ለበሰው። መስታወቱ ፊት ቆመ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ዞረ፣ አንገቱን ጠምዝዞ ኋላውን አየ።

"ክር ተርፎብሻል" አለ።

"የቱ ጋ?"

"እዚህ ጋ፣ ከቀበቶው ስር" አለና ሳበው።

ጠጠጠጠጠጥ።

አስር አለቃ ከወገቡ በታች ለሁለት ተከፈለ። እትዬ ጆንያ ሳቋን ለቀቀችው፤ ግድግዳ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ከዚያ መሃል ላይ ሳቋ ቀጥ አለ። እጇን አየችው። ይሄ እጅ ሃያ ስድስት ዓመት ጅራት ሲተው የኖረ እጅ ነው። ማንም ተው አላለው፣ እሱም አልጠየቀ። የአምስቱም ሴቶች እጅ እሷ ያስተማረችው እጅ ነው።

"ሁለት መቶ ዘጠና" አለች።

"ምኑ?" አለ ባሏ፣ ኋላውን በሁለት እጁ ይዞ።

መልስ አልሰጠችውም። ነጠላ ጫማዋን እንኳን በቅጡ ሳታጠልቅ እግሬ አውጪኝ አለች።

ሜዳው ላይ ስትደርስ ጦሩ ተሰልፏል። አራት መቶ ሰው በስምንት ረድፍ፣ ደረት ወደ ፊት፣ አገጭ ወደ ላይ። ከፊታቸው ድንኳን ተተክሎ ወንበር ተደርድሯል፤ ገዢዎቹ ገና አልመጡም። ዞራ ከኋላ አየቻቸው። ከአብዛኛው ቀበቶ ስር አንድ አንድ ጅራት ተንጠልጥላ በነፋሱ ወዲህ ወዲያ ትላለች።

ሻምበሉን እጁን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችው። "ሻምበል፣ እግርህ ላይ ልውደቅ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን አትቆጣ።"

"ምንድነው? ሰልፍ ላይ ነኝ እኮ!"

ነገረችው። ሻምበሉ አንገቱን አስግጎ ጅራቶቹን አየ።

"ቋጥሪያቸው!"

"ሁለት መቶ ዘጠና ቋጠሮ በስንት ሰዓት? ስማኝ፣ ምንም አይሆንም። ማንም ካልሳበው አይፈታም። እነሱ ደግሞ አላዩትም። ኋላቸው ነው፣ የት ያዩታል? አንተ ብቻ ዝም በል። ለማንም እንዳትናገር። በእናትህ፣ ዝም በል።"

ሻምበሉ ግን ሻምበል ነው። የተማረው ትምህርት ሁሉ በዓለም ላይ ያለ ችግር በትእዛዝ ይፈታል የሚል ነው። ደረቱን ነፋ፣ ከጦሩ ፊት ሄዶ ቆመ።

"ወይኔ" አለች እትዬ ጆንያ።

"ጦር! አድምጥ! ከፊት ለፊትህ ባለው ጓድህ ሱሪ ላይ፣ ከቀበቶው በታች፣ ክር አለ! ማንም ሰው ክሩን እንዳይነካ! ክሩን የሳበ በጥብቅ ይቀጣል!"

አራት መቶ ሰው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ ሰማይ ሲያይ የነበረ፣ ዓይኑን ቀስ አድርጎ ወደ ታች አወረደ። እውነትም ክር አለ። እንዲህ ያለ ክር ደግሞ ሰው ሲያየው እጁን ያሳክከዋል፤ ንጉሥም ቢሆን ያሳክከዋል።

ከሦስተኛው ረድፍ ነው የተጀመረው። ጠጠጠጠጥ።

"ማነው እሱ?!"

ከስድስተኛው ረድፍ፣ ጠጠጥ። የተተረተረበት ዞሮ "ምን አባክ ነው?" ሲል የሳቢውን ደግሞ ከኋላው ያለው ሳበበት። የተደረገበት ሰው ለብቻዬ አልዋረድም እያለ የፊተኛውን ይስባል። ጠጠጠጥ፣ ጠጠጠጠጥ፣ በቆሎ እሳት ላይ እንደተበተነ። ሻምበሉ በጮኸ ቁጥር ባሰ። በልብስ ማሽን የተሰፋላቸው መቶ አሥሩ ብቻ ጅራት የላቸውም፤ እነሱም ጅራት ስለሌላቸው ከሌላው ጅራት ላይ እጃቸውን አላነሱም።

በዚህ መሃል ገዢዎቹ ደረሱ። ሦስት ናቸው፣ ከአስተርጓሚያቸው ጋር። ጋሼ ኩንታል ከፊታቸው እየተንከባለለ ወደ ድንኳኑ አገባቸው። ከድንኳኑ ሲታይ ጦሩ ያምራል። ደረት ነው የሚታየው፣ ጠመንጃ ነው የሚታየው። ሻምበሉ ላቡን ጠረገና "ወደፊት ሂድ!" አለ። መጡ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ድንኳኑ ፊት ደርሰው ቀጥ አሉ። ገዢዎቹ አጨበጨቡ።

ችግሩ መመለሱ ነው። ዙር ካላቸው ጉድ ፈላ። ሻምበሉ ወታደር ከተፈጠረ ጀምሮ ተሰምቶ የማያውቅ ትእዛዝ ሰጠ።

"ሳትዞር፣ ወደ ኋላ ሂድ!"

አራት መቶ ሰው ፊቱን ወደ ገዢዎቹ አድርጎ በጀርባው መሄድ ጀመረ። አንዱ በአንዱ እግር እየተደናቀፈ፣ ጠመንጃው ከጠመንጃ እየተጋጨ።

አስተርጓሚው ጎንበስ አለ። "ለምንድነው ወደ ኋላ የሚሄዱት ይላሉ።"

ጋሼ ኩንታል ምኑም አልገባውም፤ ነጋዴ ግን መልስ አያጣም። "ለጠላት ጀርባ አይሰጡም በላቸው።"

ተነገራቸው። ሁለቱ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው፣ ሽማግሌው፣ ግን ነገር የሚገባው ሰው ነው። ከወንበሩ ተነሳ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ማንም ሳይከለክለው በሜዳው ዳር ዞሮ ከጦሩ በስተጀርባ ሄደ። እዚያ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

አስተርጓሚው ሮጦ ሲደርስ ሽማግሌው ከመሬት አንድ የተጠማዘዘ ክር አንስቶ በጣቱ ይዞ እያየ ነው። በሳቅ መሃል አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አለች እትዬ ጆንያ። ከሰው ኋላ ተደብቃ ቆማ ነበር።

"ይሄን ስፌት አውቀዋለሁ ይላሉ። በኛ ወደብ ክሩ ሲሳብ የሚወጣው ግን ሰሊጥ ነበር ይላሉ።"

ውሉን ፈረሙ። ከፈረሙ በኋላ ሻምበሉ ስለ ሱሪው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲል ሽማግሌው እጁን አወዛወዘ፤ እኛ የቆጠርነው ጠመንጃውን ነው፣ ሱሪውን አልቆጠርንም አለ። ሰው የሚገዛው ሰሊጥና መንገድ ነው። ሰሊጡ አለ፣ መንገዱም አፈሙዝ አለው። ቂጡን ማን ያየዋል?

ለእትዬ ጆንያ ግን እንዲህ አልቀለላትም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ጋሼ ኩንታል ሻምበሉ ፊት ጣቱን ቀሰረባት፦ "እኔ አላዘዝኩም! ራሷ ናት! አዲሱ ማሽን በዚህ ሳምንት ይገባል፣ ካሁን በኋላ መጋዘኔን እንዳትረግጪ!"

ሃያ ስድስት ዓመት። በሁለት ትንፋሽ አለቀ። ዋርሳዋ እጇን ያዘቻት።

"አሻጥር ነው" አለ ሻምበሉ። "ካምፕ ትገቢያለሽ። ሦስት ቀን አለሽ፣ ሁሉንም መልሰሽ ትሰፊያለሽ። ከዚያ ወዲያ ስለ እስሩ እንነጋገራለን።"

የካምፑ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አስገቧት። የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ የጫማ ቀለምና የጠመንጃ ዘይት ሽታ። የሱሪው ክምር እስከ ጣራ ነው። ከሁሉም ጨርቁ ነው ያበሳጫት፤ የለበሰው ሰው ሙቀት ገና አልለቀቀውም። በእጇ ነው የሰፋችው፣ በድርብ ክር፣ በየጣቱ ስፋት እየቋጠረች። በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ አምስቱም ሳይጠሩ መጡ፤ እነሱም ከመጋዘን ተባርረዋል። በር ላይ ያለው ወታደር መግባት ክልክል ነው ሲላቸው ዋርሳዋ "ያንተን ሱሪ ማን የሚሰፋ መሰለህ? ዙርና ሂድ ልየው" አለችው። ሳይዞር በሩን ከፈተላቸው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሻምበሉ ወረቀት ይዞ ገባ። እትዬ ጆንያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሳች።

"እስሩን ነው?" አለች። "ልትለኝ የምትፈልገውን በለኝ። ግን አሻጥር እንዳትለኝ። አሻጥር ቢሆን ኖሮ እየሮጥኩ መጥቼ እነግርህ ነበር? ዝም በል አልኩህ። ያስጎተትካቸው አንተ ነህ።"

ሻምበሉ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

"ያስጎተትካቸው አንተ ነህ ያልሽውን ከዚህ ክፍል ውጪ ደግመሽው ታውቂያለሽ?"

"እስካሁን አልደገምኩም።"

"አትድገሚው።" ወረቀቱን ዘረጋ። "ውሉ ተፈርሟል። የሚጫነው በአራት እጥፍ ይጨምራል። መኪናው ከጨመረ ጥበቃው ይጨምራል፣ ከላይ ትእዛዝ ደርሶኛል። ሁለት ሺህ ሰው ይመጣል።"

"ይምጣ።"

"ፋብሪካው አሁንም አልደርስም ብሏል።"

አሁን ገባት። ቀና ብላ አየችው። ይሄን ሁሉ ቀን የቆለለችው ሱሪ አጠገብ ቆሞ፣ ሻምበሉ ወረቀቱን ያጥፋል ይዘረጋል፤ ለሰው ትእዛዝ እንጂ ልመና አልለመደም።

"ስምንት የልብስ ማሽን" አለች። "በውሰት አይደለም፣ አዲስ። አምስቱ ሴቶች ከኔ ጋር ይቀጠራሉ፣ ደሞዛቸው በወር በወሩ፣ እንደ ወታደር። መስኮቱ ይሰፋ። መደገፊያ ያለው ወንበር ይምጣልኝ።"

"መደገፊያ?"

"ሃያ ስድስት ዓመት ያለ መደገፊያ ነው የተቀመጥኩት።"

"የጆንያ ማሽንስ?"

"ከዚህ ግቢ አንድ ቢገባ እራሴው ነኝ የማሳስረው።"

ማታ ለባሏ ነገረችው። እሱ ሃያ ዓመት ሲያገለግል የአዛዥ ክፍል ገብቶ አያውቅም፣ በር ላይ ነበር የሚቆመው። "እንግዲህ የጠመንጃ እንጀራ በላሽ ማለት ነው" አለ፣ ድምፁ ውስጥ ድልም ቅናትም ነበር።

"እኔ ጆንያ ሰፋሁ፣ ጆንያው ጠመንጃ ገዛ፣ ጠመንጃው ሱሪ አማረው" አለች። "ማን የማንን እንደሚበላ እኔም አላውቅም። ብቻ ወንበር አግኝቻለሁ። ሂድና ሻይ አፍላ።"

አፈላ።

ሰኞ ጠዋት አምስቱን ሴቶች አስከትላ ካምፑ በር ላይ ደረሰች። አዲስ የመጣ ዘበኛ ነው፣ አያውቃትም። ጠመንጃውን አጋድሞ መንገዱን ዘጋ።

"ቁሚ! መሳሪያ ይዘሻል?"

"አዎ" አለች እትዬ ጆንያ። "ሁለት መርፌ፣ አንድ መቀስና አንድ ምላስ።"

"መቀሱን እዚህ አስቀምጪ።"

"አንተ ልጅ፣ ሱሪህ ጠቦሃል ወይስ ሰፍቶሃል?"

ዘበኛው ሳያስበው ወገቡን ያዝ አደረገ። "ትንሽ... ሰፍቶኛል።"

"እንግዲያው መቀሱ ይገባል። ከሰዓት ና፣ ሦስተኛው በር ነው፣ በተራ።"

ጠመንጃውን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ አለፈች፣ አምስቱም ተከተሏት።